ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ጥናት፦ የአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ድምፅ በሥራ ቦታ ምርምር

የሥራ ቦታ ጥናት የሚባለው ሰዎች እንዴት እንደሚቀጠሩ፣ በምን መሣሪያና በምን ሥርዓት እንደሚሠሩ፣ ማን እንደሚያዛቸውና ማን እንደሚመዝናቸው፣ ምን እንደሚከፈላቸው፣ በምን ምክንያትም ሥራቸውን ትተው እንደሚሄዱ በሥርዓት መርምሮ የሚገልጽ የምርምር ዘርፍ ነው። የዚህ ዘርፍ ውጤት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የሚቀር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት መመሪያ፣ የሥልጠና ሰነድ፣ የበጀት ጥያቄ፣ አልፎ አልፎም ሕግ ሆኖ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። ጥናቱ ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሰውዬው ደረጃውን አልፎ ወደ ጠረጴዛው መድረስ አለመድረሱ፣ ሴትዮዋ በስብሰባ የተወሰነውን ማወቅ አለማወቋ፣ በጥቅሉም እንጀራቸው የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ በሠፈረው ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ሲነበብ ከግኝቱ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ ግኝቱ ከማን አንደበት እንደተገኘና መጠይቁን ያሰናዳው ማን እንደሆነ ነው። አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች መልስ ሰጪ ሆነው መቆጠራቸው ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄው ሲቀረጽ አብረው ካልተቀመጡ፣ ጥናቱ ለተሳሳተ ጥያቄ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ይዞ ይመጣል።

ወለቃ በሌሎች ብዕር

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ጉዳይ መነሻ የምትሆንበት ታሪክ አላት። መንደሯ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ መኖሪያ ነበረች፤ ወንዶቹ በብረት ሥራ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ማረሻውና ማጭዱ፣ ምጣዱና ጀበናው፣ እንስራውና ጋኑ ከእነርሱ እጅ ወጥቶ የገበሬውንና የከተሜውን ቤት ሲሞላ፣ ሠሪዎቹ ግን ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ከጎረቤት ማዕድና ከጋብቻ ይገለሉ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተጓዦችና ሚስዮናውያን፣ ኋላም ተመራማሪዎች ስለ ቤተ እስራኤል አምልኮና ትውልድ ብዙ ጽፈዋል፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ስለ ሥራቸው፣ ስለ ምድጃቸው፣ ስለ ገበያቸውና ስለ ድካማቸው የተናገሩት ግን ስለ እነርሱ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ባነሣው ዘመቻ ሰሎሞን፣ የማኅበረሰቡ አብዛኛው ክፍል ወደ እስራኤል ሄዷል። ዛሬ በመንገዱ ዳር የሸክላ ዕቃና ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትንንሽ ቅርጾች የሚሠሩት በአብዛኛው ሙያውን ከእነርሱ በኋላ የያዙ ሴቶች ናቸው።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው የአማርኛ ተረት፣ ስለ አንድ ነገር ከባለጉዳዩ በላይ ዐውቃለሁ የሚልን ሰው የሚነቅፍ ነው። ተረቱ ስለ ዕውቀት ባለቤትነት ጤናማ ፍርድ ይዟል፤ ያንን ፍርድ የሚናገረው ግን የወለቃን የእጅ ባለሙያዎች ለዘመናት ባቆሰለ ስም ነው። ፍርዱን ይዞ ስሙን መጣል ይገባል። አንጥረኛው ያ ስም የወጣለት ስለ እርሱ ሌላው ስለተናገረ ነው፤ እርሱ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ስለ ወናፍ፣ ስለ ከሰልና ስለ ብረት ይናገር ነበር። አካል ጉዳተኛ ሠራተኛም ከዚህ ያልራቀ ዕጣ ገጥሞታል። አንዱ «አይችልም» ይለዋል፣ ሌላው «ያሳዝናል» ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ በአድናቆት «ተአምር ነው» ይለዋል፤ ሦስቱም የተመልካች ቃል እንጂ የሠራተኛው ቃል አይደሉም፤ ከሦስቱም ስለ ሥራው አንድም ነገር አይታወቅም።

የሸክላ ሥራን ራሱን ብንመለከት፣ በጥያቄ አቀራረብ ላይ ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚያርቅ ይታያል። ሸክላ አንድ ሥራ ይምሰል እንጂ የብዙ ሥራዎች ሰንሰለት ነው፤ አፈሩ ይቆፈራል፣ በጀርባ ተጭኖ ይመጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል፣ ያለ መንኮራኩር በእጅ ይቀረጻል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል፣ በመጨረሻም ገበያ ወጥቶ ዋጋ ይቆረጥለታል። መራመድ የሚከብዳት ሴት ተቀምጣ ከሁሉ የተሻለ ጀበና ልትቀርጽ ትችላለች፤ እንቅፋት የሚሆንባት አፈሩን ከጉድጓዱ፣ እንጨቱን ከገበያ ማምጣቱ ነው። መስማት የተሳናት ሴት ከመቆፈር እስከ መተኮስ የሚያግዳት ነገር ላይኖር ይችላል፤ የምትጎዳው ዋጋ በምትደራደርበት ሰዓት ነው። ዓይነ ስውር የሆነች ሴት ደግሞ የዕቃውን ውፍረት በጣቷ ልትለካ ትችላለች፤ ችግር የሚገጥማት እሳቱ አጠገብ ነው። «ሸክላ መሥራት ትችያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ከሦስቱም «አዎ» ወይም «አልችልም» የሚል ባዶ መልስ ይዞ ይመለሳል። ከሦስቱ አንዷ መጠይቁን ስታዘጋጅ ብትኖር ኖሮ ግን ጥያቄው «አፈሩን ማን ያመጣልሻል? ለሸክሙስ ከዕቃው ዋጋ ስንት ይነሣብሻል?» የሚል ይሆን ነበር። ከዚህኛው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ስለ ሴትዮዋ እግር ሳይሆን ስለ ሥራው አደረጃጀት የሚናገር ነው፤ ሊለወጥ የሚችለውም አደረጃጀቱ ነው።

ሕጉ የደረሰበትና ያልደረሰበት

በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 101/1986 ተክቷል። አዋጁ አካል ጉዳተኛ በመሆን ብቻ ከቅጥር፣ ከዕድገትና ከሥልጠና መገለልን ይከለክላል፤ በውድድር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላገኘ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት ሠራተኛው ሥራውን ከሌሎች ጋር በእኩልነት ማከናወን ይችል ዘንድ በመሣሪያው፣ በቦታው፣ በሰዓቱ ወይም በአሠራሩ ላይ የሚደረግ፣ አሠሪውን ከአቅም በላይ የማያስጨንቅ ማስተካከያ ነው፤ እንደ ሁኔታው ረዳት ሠራተኛ መመደብንም ይጨምራል። የአዋጁ እጅግ አስፈላጊ ድንጋጌ ግን ብዙ ጊዜ ሳይወሳ የሚታለፈው ነው፤ መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቀርበው አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም አይጣልበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ሕግ አውጪው ይህን ሲደነግግ የተገነዘበው፣ የቅጥሩ ቃለ ጉባኤ፣ የምዘናው ቅጽና የዕድገቱ ዝርዝር በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ሠራተኛው ግን ከሁኔታው በቀር በእጁ ምንም ሰነድ እንደሌለው ነው። አጥኚዎችም ይህንኑ ሊገነዘቡ ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሰነዱ ወደሚገኝበት መሳቢያ ሄደው፣ መሳቢያው የሰጣቸውን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

አዋጁ ድንበርም አለው። አሠሪ የሚላቸው የፌዴራልና የክልል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደሩ ድርጅቶችን ነው፤ የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ፣ የአራዳው ሎተሪ አዟሪ፣ በቤቱ ጥጥ እየፈተለ ወይም እየሸመነ የሚተዳደረው ሰው አሠሪ ስለሌላቸው ከሕጉ ጥላ ውጭ ናቸው። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ናሙና የሚመርጥ ጥናትም እነዚህን ሰዎች አያገኛቸውም። ናሙና ማለት ከብዙዎቹ ተመርጠው ለሁሉም እንዲናገሩ የሚደረጉ ጥቂቶች ማለት ነው፤ መዝገቡ ከመነሻው የተቀጠሩትን ብቻ ከያዘ፣ ጥቂቶቹ የሚናገሩት ለተቀጠሩት ብቻ ይሆናል።

ከአገር ውስጥ ሕግ ባሻገር ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ በ27ኛው አንቀጹ ስለ ሥራ መብት፣ በ31ኛው ስለ መረጃ አሰባሰብ ይደነግጋል፤ በ4ኛው አንቀጽ ሦስተኛ ንዑስ ቁጥር ደግሞ አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ መንግሥታት በወኪል ማኅበሮቻቸው አማካይነት አካል ጉዳተኞችን በቅርብ እንዲያማክሩና በንቃት እንዲያሳትፉ ግዴታ ይጥላል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 159ኛ ስምምነትም በሙያ ተሐድሶና በሥራ ስምሪት ፖሊሲ ላይ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ብቻ ሳይሆኑ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም እንዲመከሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ማሳተፍ የአጥኚው ደግነት ተደርጎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ አገሪቱ ፈርማ የተቀበለችው ግዴታ ነው።

መልሱን ማን ሰጠ?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በኢትዮጵያ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ከ8 መቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ፣ ማለትም ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ያህል አድርጎ መዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን በዓለም ካሉ ሰዎች 15 በመቶ ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ ገምተዋል፤ ድርጅቱ በ2022 ቁጥሩን 1.3 ቢሊዮን፣ ማለትም 16 በመቶ አድርሶታል። ትራኮማ፣ የእግር ዝሆኔ በሽታ፣ የመንገድ አደጋና ጦርነት ባልጠፋበት አገር አካል ጉዳተኛው ከዓለም አማካይ ከአሥራ አራት እጅ አንድ እጅ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ማንም ይረዳል። የልዩነቱ ትልቅ ምክንያት የጥያቄው አቀራረብ ነው። በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅ፣ ጉዳትን እንደ ፈጣሪ ቁጣ ወይም እንደ ነውር በሚያይ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይሸሽጋል፤ ሌላው ደግሞ በዕድሜ የመጣ የዓይን ድካምን ወይም የጆሮ መደንቆርን ጉዳት ብሎ አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመውና የዋሽንግተን ቡድን በመባል የሚታወቀው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ስለዚህ ነበር በስያሜ መጠየቅን ትቶ፣ ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ማስታወስ፣ ራስን ስለ መንከባከብና ስለ መግባባት ምን ያህል ችግር እንዳለ የሚጠይቁ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎችን ያዘጋጀው።

የጥያቄው መሻሻል ግን ብቻውን አይበቃም፤ መልስ ሰጪው ማን ነው የሚለው ይቀራል። በሰሜን ጎንደር ደጋ በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተል የምርምር ማዕከል አለው፤ እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ምዝገባ በአገሪቱ ብርቅ ሀብት ነው። ሆኖም በየትኛውም አገር በሚደረግ የቤት ለቤት ጥናት ዘወትር የሚነሣ አንድ ጉድለት አለ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የቤቱ ኃላፊ ነው። አባት ስለ ልጁ መስማት አለመስማት፣ አማት ስለ ምራቷ ጤና ይናገራሉ። በመሥሪያ ቤት ሲሆን የአባትን ቦታ የሰው ሀብት ኃላፊው ይወስዳል፤ «ስንት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አላችሁ? ምን ተደረገላቸው? ደስተኞች ናቸው?» ለሚለው ሁሉ መልሱ በአንድ ፊርማና በአንድ ማኅተም ይሰጣል።

የሌ ኮርት ትምህርት

ሠራተኛን መጠየቅ እንደ ሥርዓት የተጀመረው ከመቶ ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የሥራ አመራር መርሖዎችን ያሳተመው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ሠራተኛውን በሰዓት መለኪያ ይከታተለው ነበር እንጂ ሐሳቡን አይሻም ነበር። በ1920ዎቹ መገባደጃ በቺካጎ አቅራቢያ በሆቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ታዋቂ ጥናት ግን ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አነጋገረ፤ ሠራተኛው የሚያነሣው ጉዳይ አጥኚው ካሰበው የተለየ መሆኑም በዚያን ጊዜ ተስተዋለ።

የአካል ጉዳተኞች ጥናት የራሱን ትምህርት ያገኘው በእንግሊዝ ሃምፕሻየር ግዛት ሌ ኮርት በተባለ የመጠለያ ተቋም ነው፤ ትምህርቱም መራራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተቋሙ ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ፖል ሃንት የተባለው ጸሐፊ፣ በራሳቸው ሕይወት ላይ የመወሰን መብት እንዲኖራቸው ከአስተዳደሩ ጋር ይታገሉ ነበር፤ ገለልተኛ ባለሙያ ቢመረምረው እውነቱ ይወጣል ብለው ስላመኑም ጥናት እንዲካሄድ ራሳቸው ጠየቁ። የታቪስቶክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኤሪክ ሚለርና ጄራልዲን ግዊን መጥተው ዓመታት የፈጀ ጥናት አካሄዱ፤ ነዋሪዎቹንም አነጋገሩ። በ1972 የታተመው መጽሐፋቸው ግን ወደ እንዲህ ያለ ተቋም የገባ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ እንደሞተ የሚቆጠር መሆኑን እንደ ተሰጠ እውነት ተቀብሎ፣ የተቋሙን ሥራ ከዚያ ሞት እስከ አካላዊው ሞት ያለውን ጊዜ ማስተናገድ አድርጎ ገለጸው። ሃንት ከሞተ በኋላ በ1981 በታተመው ትችቱ፣ ገለልተኛ ነን ያሉት አጥኚዎች ከተጠኚዎቹ ይልቅ ከአስተዳደሩ ጎን እንደቆሙ ጽፏል። ከዚህ ታሪክ ሊጨበጥ የሚገባው፣ በሌ ኮርት ነዋሪዎቹ አለመጠየቃቸው አለመሆኑ ነው፤ ተጠይቀዋል፣ መልሳቸውም ተመዝግቧል። ያልተሰጣቸው ጥያቄውን የመቅረጽና ትርጓሜውን የመመርመር ሥልጣን ነበር። ሃንት አብሮ የመሠረተው ማኅበር በ1976 ባወጣው መግለጫ፣ የአካል ጉድለቱ አንድ ነገር ሆኖ ሰውን ከኅብረተሰቡ የሚያገለው ግን የኅብረተሰቡ አደረጃጀት መሆኑን አስረዳ፤ ይህ አመለካከት ማኅበራዊ ሞዴል ተብሎ ይጠራል። ማይክ ኦሊቨር የተባለው ምሁር በበኩሉ በ1992 አጥኚው ዕውቀቱን ለተጠኚዎቹ አገልግሎት እንዲያውል፣ የጥናቱም መሪዎች አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ የሚጠይቅ የምርምር መንገድ አቀረበ። አሳታፊ ጥናት የሚባለው ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ ከእነዚህና ከሌሎች መሰል ትግሎች የተወለደ ነው።

ይሉኝታና ምስጢር

ጎንደር እንዲህ ላለ ምርምር የተመቸች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የሚሰጥ፣ በየመንደሩ ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት የሚያካሂድ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሠረተው አጋርነት፣ በተለይ አካል ጉዳት ላለባቸውና በግጭት ለተፈናቀሉ 450 ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ መርሐ ግብር ጀምሯል፤ በዚሁ አጋርነት በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተከፍቷል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው የዕለት ተግባሩንና ሥራውን ማከናወን እንዲችል ተግባሩንም ቦታውንም የሚያስተካክል ሙያ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል አጥኚ የሚሆኑ ይኖራሉ፤ ተቀጣሪ ሆነው መሥሪያ ቤት የሚገቡም ብዙዎች ናቸው። ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፣ በአካል ጉዳተኞችና በልማት ላይ የሚሠራ ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለመቀበል መብቃቷ፣ ጥያቄ አዘጋጅ የሚሆን አካል ጉዳተኛ ባለሙያ አልተገኘም የሚለውን ምክንያት ባዶ ያደርገዋል።

ጎንደር ከዩኒቨርሲቲውም የቆየ ሌላ ምሳሌ አላት። በአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ ቤቶች የዜማ፣ የአቋቋምና የቅኔ ትምህርት የሚሰጠው በቃል ነው፤ ተማሪው ይሰማል፣ ይቀጽላል፣ ይይዛል፣ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርማል። ስለዚህም ዓይነ ስውራን መሪጌቶችና የቅኔ መምህራን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲያስተምሩና ሲከበሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም ተመጣጣኝ ማመቻቸት ብሎ አልጠራውም፤ አሠራሩ ግን በጆሮና በትዝታ የተደራጀ ስለሆነ ዓይን ማጣት ከመምህርነት አላወጣም። ከውጭ በመጣ ቅጽ የመወጣጫ መንገድና የኮምፒዩተር ሶፍትዌር መኖር አለመኖሩን ብቻ የሚመዘግብ አጥኚ ጉባኤ ቤቱን «ምንም የለውም» ብሎ ያልፈዋል። መምህሩን ቢጠይቅ ግን መንገድ የሚመራው ተማሪ ማን እንደሆነ፣ መጽሐፍ ማን እንደሚያነብለት፣ ሥርዓቱ የት ላይ እንደሚመች፣ የት ላይ እንደሚጎዳ ይማራል።

ዘዴውን በተመለከተ በጎንደርና በአካባቢው ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይሉኝታ ነው። አጥኚው በአለቃው ተመርቶ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ፣ ሥራ በማግኘቱ ሲመሰገን የኖረ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል። እርካታውን ከአንድ እስከ አምስት እንዲመዝን ሲጠየቅ አራት ወይም አምስት ይላል፤ ቁጥሩም ሄዶ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፣ መሥሪያ ቤቱም በሠንጠረዡ ይኩራራል። ይህን መልስ ውሸት ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ለእንጀራ ሰጪ ክብር መስጠት፣ እንግዳን ቅር አለማሰኘትና ነገን መፍራት ተደባልቀው የወለዱት ትክክለኛ የጨዋ ሰው መልስ ነው። የሚሻለው ስሜትን ትቶ ቀኑን መጠየቅ ነው፤ ከቤት በስንት ሰዓት ይወጣል፣ ታክሲ ስንት ጊዜ ያልፈዋል፣ የመጣውን ደብዳቤ ማን ያነብለታል፣ ያ ሰው በማይኖርበት ቀን ምን ይሆናል፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው፣ የመጨረሻው ሥልጠና ሲደርስ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር ወይ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰው ማንንም ሳያማ መመለስ ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቶቹን ጥያቄዎች ማውጣት የሚችለው ግን ያንን ቀን የኖረ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስጢር ነው። በጥናት ሥነ ምግባር የተሳታፊውን ስም መደበቅ የታወቀ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ያለው ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ አንድ ብቻ ከሆነ፣ «ዓይነ ስውር፣ ወንድ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ጎንደር ከተማ» ብሎ መጻፍ ስሙን ከመጻፍ አይለይም። የመስማት የተሳናቸው ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ ይብሳል፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ በመሆኑ ረጅም የአማርኛ መጠይቅ ወረቀት ላይ አትሞ መስጠት ለብዙዎቹ አይሆንም፤ አስተርጓሚ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዚያው መሥሪያ ቤት ወይም ከቤተሰብ ነው፤ ስለ አለቃው የሚባለው ነገር በአለቃው ባልደረባ እጅ ሲተረጎም ምን ሊባል እንደሚችል ግልጽ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሠራተኞች ከሁሉም ተረስተዋል፤ ፈቃዳቸው እንኳ ከወላጅ ወይም ከወንድም ይጠየቃል፤ በቀላል ቋንቋ፣ በሥዕልና በዝግታ ቢጠየቁ ግን ስለ ሥራቸው የሚናገሩት አላቸው። ሥራውን የለቀቁትና ከመጀመሪያው ያልተቀጠሩትስ? መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚያገልል ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በመዝገብ ግን የሉም። እነርሱን ለማግኘት አጥኚው ወደ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት፣ ወደ ገበያና ወደ ወለቃ ዓይነት መንደሮች መሄድ አለበት።

ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ሲያጠና ወገንተኛ አይሆንም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከቁም ነገር ሊቆጠር ይገባዋል። መልሱ ግን ሌላውም አጥኚ ከአንድ ቦታ ሆኖ ነው የሚያየው የሚል ነው፤ የሰው ሀብት ኃላፊው ቃል ያለ ጥርጥር ተወስዶ የሠራተኛው ቃል ብቻ በወገንተኝነት የሚጠረጠርበት ምክንያት የለም። ድምፅን ማካተት ማለት የተባለውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ማለትም አይደለም፤ ሠራተኛው ስለ በጀት ሊሳሳት ይችላል፣ አንድ ዓይነ ስውር ወንድ ስለ መስማት የተሳናት ሴት ሊናገር አይችልም፣ በየጉዳቱ፣ በየጾታውና በየሥራው ዓይነት የተለያዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የተናገሩትም ከደመወዝ ሰነድ፣ ከቃለ ጉባኤና ከቦታው ራሱ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ለጊዜያቸውና ለዕውቀታቸው እንደማንኛውም የጥናት ባልደረባ ሊከፈላቸው፣ የጥናቱም ውጤት ከመታተሙ በፊት በብሬይል፣ በድምፅ ወይም በምልክት ቋንቋ ቀርቦላቸው ትርጓሜውን ሊያርሙ ይገባል። ይህ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ በጥናቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ካልተያዘ በኋላ አይገኝም።

በጎንደርም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚገኙ የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች፣ ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች የቀረበላቸውን ንድፈ ጥናት ከማጽደቃቸው በፊት፣ መጠይቁ ሲዘጋጅ የትኞቹ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች እንደተሳተፉ፣ ለአስተርጓሚና ለብሬይል ምን ያህል እንደተመደበ፣ ረቂቁ ለማን ተመልሶ እንደሚነበብ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ይጠይቁ፤ መልስ የሌለውን ንድፍ ለአዘጋጁ ይመልሱት።